ነፍሰ ጡሯ ቀኑን የት ትዋል?

በዚህ የጥናት ገጽ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ጆሀንስበርግ ላይ ማደሪያ ያጣች ነፍሰ ጡር አልጋና ሾርባ ብታገኝ ይበቃታል? የሶሻል ወርክ ተማሪ እንደመሆኔ ስለ መጠለያ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከሁሉ ያስተማረኝ ግን አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ቤሪያ ሰፈር፣ ሳራቶጋ አቬኑ ካለ ሕንፃ ለሚፈናቀሉ ድሆች ከተማው ጊዜያዊ ማደሪያ እንዲሰጥ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ በ2011 ወሰነ። ከተማውም የተወሰኑትን ኤኩቱሌኒ ወደሚባል መጠለያ ላካቸው። መጠለያው ደንብ ነበረው። ጠዋት 2 ሰዓት ሁሉም ይወጣል፤ እስከ 11 ሰዓት ተኩል መመለስ የለም። ማታ 2 ሰዓት በሩ ይዘጋል። ባልና ሚስት ቢሆኑም ወንድና ሴት ለየብቻ ያድራሉ። ነዋሪዎቹ ከሰሱ፤ በዲሴምበር 2017 ያው ፍርድ ቤት ደንቦቹ የሰውን ክብር፣ ነፃነትና የግል ሕይወት ይጥሳሉ ብሎ ፈረደላቸው።

ክሱ ስለ እርግዝና አልነበረም። እኔ ግን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር እያሰብኩ ደንቡን ደግሜ አነበብኩት። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ! እግሯ ሲያብጥ የምትጋደምበት፣ ሽንት ሲይዛት የምትገባበት የለም። ከወለደች በኋላም ጨቅላ አዝላ፣ ያውም በዚህ አገር የሐምሌ ብርድ። አራስን በጠዋት የሚያስወጣ ቤት ለእኔ ቤት አይደለም።

እኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ ማን ምን እንደሚያደርግ ማንም አይጽፈውም፤ ይታወቃል። እናት ትመጣለች፣ ጎረቤት ገንፎ ይዛ ትገባለች፣ አጥሚት ይፈላል፣ አራስ ብቻዋን አትተውም። ጄፒ መንገድ ሱቅ የምትውል እህታችን ግን እናቷ ሩቅ ናት። ያስረገዛት ሰው ከጠፋ ወይም የሚደበድባት ከሆነ ደግሞ ሐሜቱን ፈርታ ከወገን ትሸሻለች። እንግዲህ ጥሩ መጠለያ የሚሠራው ግማሹ የእናት ሥራ ነው፤ የክትትል ቀኗን ያስታውሳታል፣ ሌሊት ምጥ ሲመጣ መኪና ይጠራል፣ እሷ እንድትተኛ ልጁን የሚይዝ ሰው አለው።

አገር ቤትም የሚቀራረብ ነገር አለ። ጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከሩቅ ለሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ማቆያ አለው። ከ1987 እስከ 2008 ያለውን መዝገብ ያየ ጥናት በማቆያው ሰንብተው በወለዱት ዘንድ የእናቶች ሞት እጅግ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። (በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሚሆኑ ንጽጽሩን በጥንቃቄ ማየት ነው።)

ማደሪያው ደግሞ ክሊኒኩ ካልተቀበላት ብዙም አይጠቅማትም። ነፍሰ ጡሮችና ከ6 ዓመት በታች ሕፃናት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ እንዲታከሙ ማንዴላ በ1994 አውጀው ነበር። ሆኖም በጋውቴንግ ክፍያ እየተጠየቁ የተመለሱ የውጭ አገር ሴቶች ነበሩ። ሴክሽን 27 የተባለው የሕግ ድርጅት ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቀረበው፤ የጆሀንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2023 ዜግነትና ወረቀት ሳይታይ መብታቸው መሆኑን አረጋገጠ። ይህን የሚያውቅ የመጠለያ ሠራተኛ አብሯት ቢሰለፍ መልሱ ይለያል። የልደት ምዝገባም አለ፤ ሕጉ የሚሰጠው 30 ቀን ብቻ ስለሆነ አራሷ ብቻዋን የምትሮጥበት ጊዜ አይደለም።

ለአንዲት እህት ቦታ ስትፈልጉ ታዲያ አልጋ አለ ወይ ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ቀን ውስጡ ትውላለች? ከወለደች በኋላ ስንት ወር ትቆያለች? ሥራ ስትጀምር ልጁን ማን ይይዛል? እኔ የመጨረሻውን አስቀድማለሁ፤ ልጅ የሚይዝላት ያጣች ሴት ሥልጠናም ቢሰጣት አትሠራበትም። ድብደባ ካለ በ0800 428 428 ቀንም ሌሊትም በነፃ ይደወላል። እንግሊዝኛው የሚከብዳት ከሆነ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ደውሉላት።