ፖሊስ መንገድ ላይ መታወቂያ ሲጠይቅ፦ መብታችሁ እስከ የት ነው?

እስራኤል ውስጥ ከቂርያት ማላኪ፣ ከገደራና ከያብኔ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ። ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ሰፈር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የፖሊስ መኪና ይቆማል። መታወቂያ ይጠየቃል፤ ቁጥሩ በኮምፒውተር ይጣራል፤ ኪሱ ይፈተሻል። ምንም ስለማይገኝበት ይለቀቃል፤ ከቀናት በኋላ ግን ያው ይደገማል። «ፖሊስ እንዲህ ማድረግ ይችላል ወይ?» ይሉኛል። ልጁ ወንጀል ሠርቷል ወይም ሊሠራ ነው ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ከሌለ አይችልም። የቆዳ ቀለም ደግሞ ለጥርጣሬ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ይህ መልስ በነፃ የተገኘ አይደለም። በኤፕሪል 2015 ሖሎን ውስጥ የወታደር ልብስ የለበሰው የኢትዮጵያ ተወላጅ ደማስ ፓካዳ በፖሊስ ሲደበደብ የጥበቃ ካሜራ ቀረጸው፤ ወጣቶቻችንም ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ። መንግሥት በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው በ2016 ዘረኝነትን ለመዋጋት 53 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። በዚያው ዓመት የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼክ ፖሊስ የኢትዮጵያ ተወላጆችን ከሌላው ይበልጥ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ንግግር አደረጉ። ብዙዎቻችን የተቆጣነው ንግግሩ መንገድ ላይ የምናየውን በአደባባይ ስላረጋገጠልን ነው። በ2019 ፖሊስ ጥርጣሬ ባይኖርም መታወቂያ መጠየቅ የሚያስችል መመሪያ ሲያወጣ፣ ጠበቃ የተባለው የማኅበረሰባችን የሕግ ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት (ባጋጽ) አቤት አለ። ፍርድ ቤቱም በጃንዋሪ 2021 ሕጉ ለፖሊስ እንዲህ ያለ ሥልጣን አልሰጠም ሲል ወሰነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር ስላለ ቀስ ብለን እንየው። የ1982 የመታወቂያ ሕግ ዕድሜው 16 የሞላ ነዋሪ ሁሉ መታወቂያ (ተዑዳት ዜሁት) እንዲይዝ፣ በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ ሲጠይቀውም እንዲያሳይ ያዛል። ይህ ግዴታ ዛሬም አለ። ሰውን አቁሞ ማቆየት፣ ስሙን በፖሊስ መዝገብ ውስጥ መፈለግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነፃነቱንም ምስጢሩንም ይነካል። ይህን ለማድረግ ፖሊሱ በ1996 የእስር ሕግ የተቀመጠው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። የመታወቂያ ሕጉን ሽፋን አድርጎ ሊያቆየው አይችልም። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ መታወቂያ አልያዝክም ተብሎ ሊወቀስ አይገባም፤ የመያዝ ግዴታ የለበትም።

ስለዚህ ፖሊስ ሲያቆማችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ በዕብራይስጥ ይህ ይሁን፦ «አኒ መዑካቭ? ላማ?» ሴት ከሆናችሁ «አኒ መዑኬቬት?» በሉ፤ ትርጉሙ «እየተያዝኩ ነው? ለምን?» ማለት ነው። በረጋ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ፣ በግልጽ። ፖሊሱ ማንነቱን የመናገርና የያዘበትን ምክንያት የማስረዳት ግዴታ አለበት። «አልተያዝክም» ካለ መሄድ ትችላላችሁ። «ተይዘሃል» ካለ ስምና አድራሻ ስጡ፣ መታወቂያም አሳዩ፤ በማቆየት (በኢኩቭ) የሚያልፈው ጊዜ እንደ ደንቡ ከሦስት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከዚያ በኋላ ወይ መልቀቅ ነው፣ ወይ በሕግ ማሰር ነው።

መኪናው አጠገብ ግን አትከራከሩ። ይህን የምጽፈው ልቤ እየከበደኝ ነው፤ ፍትሕ ለማግኘት ቀድሞ ዝም ማለት ያለበት ሁሌ የእኛ ልጅ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ያየነው ይህን ነው፦ ያለ ምክንያት የቆመ ወጣት ይናደዳል፣ እጁን ያነሣል ወይም ይሳደባል፤ ያኔ ፖሊስን ማደናቀፍ፣ ፖሊስን መምታት ወይም የመንግሥት ሠራተኛን መስደብ የሚባሉት ክሶች ይመጣሉ። የመጀመሪያው ማቆም ሕገ ወጥ ቢሆን እንኳ ፋይሉ የሚከፈተው በልጁ ላይ ነው። እጅ ወደ ታች፣ ስልክ ወደ ላይ ይሁን። አደባባይ ላይ ፖሊስን በቪዲዮ መቅረጽ የተፈቀደ ነው፤ ሥራውን እስካላደናቀፋችሁ ድረስ። የደማስ ጉዳይ ያለዚያ ካሜራ ማን ያምነው ነበር? ካሜራ እያለ እንኳ ዐቃቤ ሕግ የፖሊሱን ፋይል ዘግቶታል።

ፍተሻን በተመለከተ ደግሞ የ2012 የቤን ሓይም ውሳኔ አለ። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዳለው፣ ፖሊሱ ለመፈተሽ በሕግ የተቀመጠ ምክንያት ከሌለው የሚቀረው የእናንተ ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃድ ሲጠይቅም እምቢ የማለት መብት እንዳላችሁ፣ እምቢታችሁም እንደማይቆጠርባችሁ ሊነግራችሁ ይገባል። በዚያ ጉዳይ ተከሳሹ ኪስ ውስጥ ቢላ ተገኝቶ ነበር፤ ፍተሻው ሕገ ወጥ ስለነበር ማስረጃው ውድቅ ሆኖ ተከሳሹ ነፃ ወጣ። እምቢ ማለት ከፈለጋችሁ «አኒ ሎ ማስኪም ለሒፑስ» (ለፍተሻ አልስማማም) በሉ፤ ሴት «ማስኪማ» ትበል። ፖሊሱ ቢፈትሻችሁ በአካል አትከልክሉ፤ እምቢታችሁ መነገሩ ብቻ ኋላ ፍርድ ቤት ዋጋ አለው። ይህ ግን የአውቶቡስ ጣቢያና የገበያ አዳራሽ መግቢያ ላይ ጥበቃዎች ቦርሳ ሲያዩ አይሠራም፤ ልዩ የጸጥታ አዋጅ በተነገረበት አካባቢም የፖሊስ ሥልጣን ይሰፋል።

ልጃችሁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነና ለምርመራ ከተወሰደ፣ ለወላጅ የማሳወቅ ግዴታ አለ። በደንቡ ወላጅ ከልጁ ጋር መመካከርና በምርመራው ላይ መገኘት ይችላል። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከምሽቱ 20:00 እስከ ጠዋቱ 7:00፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ከ22:00 እስከ 7:00 በመሠረቱ አይመረመርም። ወላጆች ሆይ፣ ጣቢያ ስትደርሱ አስቀድማችሁ ልጁን «ምን አደረግህ?» አትበሉት። ጠበቃ መጠየቅ መብቱ መሆኑን ንገሩት፤ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ (ሳኔጎርያ ጺቡሪት) አለ።

ቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ግን ሌላ ነው። እዚያ የበረራ ጸጥታ ሕግ ሰፊ የመፈተሽ ሥልጣን ይሰጣል፤ እምቢ ያለ አይሳፈርም። ሆኖም የአረብ ዜጎች ለብቻ የሚቆሙበት፣ ለብቻ የሚጠየቁበትና ሻንጣቸው ለብቻ የሚበረበርበት አሠራር ለብዙ ዓመታት ክርክር ሲደረግበት ቆይቷል። የዜጎች መብት ማኅበር በ2007 ለባጋጽ አቤት አለ፤ ፍርድ ቤቱ በ2015 የሻንጣ ፍተሻው መሻሻሉን አይቶ አቤቱታውን ዘጋ፤ ዳግም የመምጣት በር ግን ክፍት ተወ። እኛን ሰፈር ውስጥ የሚያቆመንና አረቡን ተሳፋሪ ከሰልፍ የሚያወጣው አስተሳሰብ ዘሩ አንድ ስለሆነ፣ የእነርሱ ድል የእኛም ነው፣ የእኛም ድል የእነርሱ። እዚያ ብትቆሙ የሰውነት ፍተሻ በራሳችሁ ጾታ ሰው፣ ለብቻ በሆነ ክፍል እንዲደረግ ጠይቁ፤ የፈታሹንም ስም መዝግቡ። የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው ወደ አገሩ የመግባት መብቱ በ1992 የወጣው የሰው ክብርና ነፃነት መሠረታዊ ሕግ የተጠበቀ ነው።

ፖሊስ ካቆማችሁ በኋላ ያለው ሥራ የወረቀት ነው። በዚያው ቀን ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የፖሊሱን ስም፣ የመኪናውን ቁጥር፣ ያዩትን ምስክሮች ጻፉ። ድብደባ ካለ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ሰነዱን ያዙ። ወንጀል የፈጸመ ፖሊስ የሚከሰሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለው የፖሊሶች ምርመራ ክፍል (ማሓሽ) ነው፤ የሥነ ምግባር ጥፋት ደግሞ ለፖሊስ የሕዝብ ቅሬታ ክፍል ይቀርባል። ከፓልሞር ሪፖርት በኋላ የተቋቋመው የፍትሕ ሚኒስቴር ፀረ ዘረኝነት ክፍል አለ፤ ጠበቃ ድርጅትም አለ። ያለ ሕግ መያዝ የካሳ ክስ የሚያስመሠርት በደል ነው፤ የይርጋ ጊዜው በመደበኛው ሰባት ዓመት ቢሆንም አትዘግዩ፤ የካሜራ ምስል ቶሎ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በልጃችሁ ላይ የተከፈተው ፋይል ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ተደስታችሁ አትጣሉት፤ የተዘጋበትን ምክንያት አንብቡ። «ማስረጃ በማጣት» በመዘጋቱና «ጥፋተኛ ባለመሆን» በመዘጋቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው በፖሊስ መዝገብ ቆይቶ ልጁ ለሠራዊት ወይም ለጸጥታ ሥራ ሲያመለክት ሊከተለው ይችላል። ምክንያቱ እንዲቀየር በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ ማመልከቻውን ጠበቃ ይጻፍላችሁ፤ ደብዳቤው በደረሰበት ሳምንት ብትጀምሩት ይሻላል።