ፊዚክስ ለመማር የትኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይመረጣል?

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች፣ ልጆቻቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ወደ ማጠናቀቁ ሲቃረቡ፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ከባድ ጥያቄ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ተማሪው የሚፈልገው ፊዚክስ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይወሳሰባል። ስለ ሕክምና፣ ስለ ነርሲንግ ወይም ስለ ኮምፒውተር ትምህርት የሚመክር ዘመድ ወዳጅ አይጠፋም፤ ስለ ፊዚክስ ግን ከልምዱ ተነሥቶ የሚያማክር ሰው በማኅበረሰባችን ውስጥ ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎች የዩኒቨርሲቲውን ስምና በየዓመቱ የሚወጣውን የደረጃ ሰንጠረዥ ብቻ ተመልክተው ይወስናሉ። ይህ አካሄድ ቤተሰቡን ለማያስፈልግ ዕዳ፣ ተማሪውንም ለማይስማማው ቦታ ሊዳርግ ስለሚችል፣ አስቀድመው ሊመረመሩ የሚገባቸውን ነጥቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ደረጃው የሚለካው ምንን ነው?

በስፋት የሚጠቀሱት የፊዚክስ የደረጃ ሰንጠረዦች በአብዛኛው የሚመዝኑት የድኅረ ምረቃ ትምህርትንና የመምህራኑን የምርምር ዝና ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው ትምህርት ግን በመላው አሜሪካ ተቀራራቢ ነው። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በካልኩለስ ላይ የተመሠረተ አጠቃላይ ፊዚክስና የሒሳብ ትምህርቶችን ይወስዳል። ከዚያም ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስና ስታቲስቲካል ሜካኒክስ እንዲሁም ከፍተኛ የቤተ ሙከራ ሥራ ይከተላሉ። የዴቪድ ግሪፊትስ የኤሌክትሮዳይናሚክስና የኳንተም ሜካኒክስ መማሪያ መጻሕፍት፣ ስመ ጥር በሆነውም ባልሆነውም ዩኒቨርሲቲ በሰፊው ይሠራባቸዋል።

ዩኒቨርሲቲዎቹ በዋናነት የሚለያዩት በሦስት ነገሮች ነው፦ ከፍተኛዎቹ ኮርሶች ሳይቋረጡ በመሰጠታቸው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በምርምር ለመሳተፍ በሚያገኘው ዕድል፣ እንዲሁም ተመራቂው ይዞት በሚወጣው ዕዳ።

ነዋሪነትና ክፍያ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍሉት ከሌላ ግዛት ለመጣ ተማሪ ከሚያስከፍሉት በእጅጉ ያነሰ ነው። ልዩነቱ በብዙ ቦታዎች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ነዋሪ ለመባል አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወራት በግዛቱ መኖር የሚጠይቅ ሲሆን፣ ለትምህርት ብቻ ተብሎ የሚደረግ ዝውውር በአብዛኛው ተቀባይነት የለውም።

ለፊዚክስ ተማሪ ይህ ልዩነት ከሌሎች ይልቅ ይከብዳል፤ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን በመጀመሪያ ዲግሪ አያቆሙምና። በአሜሪካ የፊዚክስ ፒኤችዲ ተማሪ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት፣ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት የኑሮ ድጎማ እየተከፈለው ይማራል። ሆኖም ድጎማው የቀድሞ ዕዳን ለመክፈል የሚተርፍ አይደለም። በራሱ ግዛት ጥሩ የትምህርት ክፍል እያለ ለስም ብሎ ርቆ መበደር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

የእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ የቤተሰቡን ገቢ መሠረት አድርጎ የተጣራውን ወጪ የሚገምት ማስያ አለው። ማመልከቻ ከማስገባት በፊት በዚህ ማስያ መጠቀም ይገባል። የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ለዜጎች ብቻ ሳይሆን ለቋሚ ነዋሪዎች፣ ለስደተኞችና ጥገኝነት ለተሰጣቸውም ጭምር የተፈቀደ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በአቅራቢያ ያለው ምርምር

ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ጠንካራ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ። በኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከናሳ የጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከልና በጌይተርስበርግ ካለው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ አይርቅም። ዩኒቨርሲቲው ከዚሁ ተቋም ጋር በ2006 የጋራ የኳንተም ምርምር ማዕከል መሥርቷል፤ በ1997 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ዊልያም ፊሊፕስም ከዚሁ ሥራ ጋር የተቆራኙ ናቸው። ለዴንቨርና ለኦሮራ ነዋሪዎች ደግሞ በቦልደር የሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። በዚያ ያለው ጂላ የተባለው የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በ2001 እና በ2005 የፊዚክስ ኖቤል ተካፍለዋል። በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲም ብርቅዬ አይሶቶፖችን የሚያመርት ታላቅ ማፍጠኛ በ2022 ሥራ ጀምሯል።

ይሁን እንጂ የኖቤል ተሸላሚ በሕንጻው ውስጥ መኖሩ ብቻውን ለተማሪው ዋስትና አይሆንም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ወደ ቤተ ሙከራዎቹ መግባት የሚችሉት ከስንተኛ ዓመት ጀምሮ እንደሆነ፣ ስንቶቹ እንደሚገቡና ክፍያ ይኖረው እንደሆነ ነው።

በአነስተኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ መምህራኑ በስሙ ሊያውቁት፣ ለድኅረ ምረቃ ሲያመለክትም በቅርብ እውቀት ላይ የተመሠረተ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉለት ይችላሉ። ጉዳቱ ከፍተኛ ኮርሶች በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ሊሰጡ መቻላቸው ነው። የምርምር እጥረቱን ግን ማካካስ ይቻላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በየክረምቱ የሌሎች ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጭምር ለሳምንታት እየተከፈላቸው ምርምር የሚሠሩባቸውን መርሐ ግብሮች ይደግፋል። ዕድሉ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ክፍት ነው።

በኮሙኒቲ ኮሌጅ በኩል ለሚሄዱ

በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ለብዙ ወገኖቻችን የታወቁ መንገዶች ናቸው። ይህ መንገድ ወጪን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለፊዚክስ ተማሪ አንድ ወጥመድ አለው። በብዙ ኮሌጆች ሁለት ዓይነት የፊዚክስ ኮርስ ይሰጣል፤ አንደኛው በአልጀብራ፣ ሌላው በካልኩለስ ላይ የተመሠረተ ነው። ለፊዚክስ ዲግሪ የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው። ከፍተኛዎቹ ኮርሶች አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ፣ ከዝውውር በፊት አጠቃላይ ፊዚክሱን፣ የብዙ ተለዋዋጮች ካልኩለስንና ዲፈረንሺያል እኩልታዎችን ያላጠናቀቀ ተማሪ ሁለት ዓመት ይበቃኛል ሲል ሦስት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ከሚዛወርበት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ አማካሪ ጋር መነጋገር አለበት።

ከአሜሪካ ውጭ ላሉ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ወደ አሜሪካ ቢልክ፣ ተማሪው የውጭ አገር ተማሪ ሆኖ ከፍተኛውን ክፍያ ይከፍላል፤ የፌዴራል ድጋፍም አያገኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ጀርመንን ማሰብ ይበጃል። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ከውጭ አገር ተማሪም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡት በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። የመጀመሪያ ዲግሪው ትምህርት በአብዛኛው በጀርመንኛ ስለሚሰጥ ቋንቋውን ቀድሞ ማጥናት፣ የኑሮ ወጪንም ማስላት ግድ ነው።

ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

1. ባለፉት ሁለት ዓመታት ኳንተም ሜካኒክስና ኤሌክትሮማግኔቲዝም ስንት ጊዜ ተሰጡ?
2. በየዓመቱ ስንት ተማሪዎች በፊዚክስ ይመረቃሉ? ከተመረቁስ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ?
3. ወደ ፊዚክስ ክፍል ለመግባት፣ ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለ በኋላ ሌላ ማመልከቻ ያስፈልጋል?
4. ለድኅረ ምረቃ የሚያዘጋጀውና ለሌላ ሙያ የሚያዘጋጀው የዲግሪ ዓይነት ተለይተዋል?
5. ተማሪው ሐሳቡን ቢለውጥ ወደ ኢንጂነሪንግ መዛወር ይችላል?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ወላጆችን ያሳርፋል። ፊዚክስ የሌላውን በር አይዘጋም። በፊዚክስ የተመረቀ ሰው አስፈላጊዎቹን የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ኮርሶች ከወሰደ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከት ይችላል። በድኅረ ምረቃ ሠልጥኖም ለካንሰር ታካሚዎች የሚሰጠውን የጨረር መጠን የሚያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ መሆን ይችላል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጨረሻ መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት ቤተሰቡ የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ብድሩን ከስጦታው ለይቶ ይደምር። ተማሪውም የትምህርት ክፍሉን ጎብኝቶ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ያሉትን ያነጋግር፤ ኮርሶቹ መቋረጥ አለመቋረጣቸውንና የቤተ ሙከራው በር መከፈት አለመከፈቱን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።