የአይሁድ በዓላት በዓመቱ ውስጥ፤ ትእዛዛቸውና አከባበራቸው

ቅዱስ ወንጌልን የሚያነብ ክርስቲያን የአይሁድን በዓላት ካላወቀ ብዙውን ነገር ሳያስተውል ያልፋል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በ12 ዓመቱ ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው ለፋሲካ በዓል ነው (ሉቃ. 2፥41-42)። የተጠማ ሁሉ ወደ እርሱ መጥቶ ይጠጣ ዘንድ ድምፁን ከፍ አድርጎ የጠራው በዳስ በዓል፣ በታላቁ በመጨረሻው ቀን ነው (ዮሐ. 7፥37)። መንፈስ ቅዱስም በሐዋርያት ላይ የወረደው ከልዩ ልዩ አገር የመጡ አይሁድ በበዓለ ኃምሳ ምክንያት በኢየሩሳሌም ሳሉ ነው (የሐዋ. 2)። ስለዚህ የእነዚህን በዓላት ሥርዓት መማር የሌላውን ሕዝብ ልማድ ለማወቅ ብቻ ሳይሆን የራስን መጽሐፍ በሚገባ ለመረዳት ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ጥያቄ ይነሣል። በኦሪት የታዘዙት በዓላት ሁሉ የታዘዙት ከመሥዋዕት ጋር ነው። መሥዋዕቱ ይቀርብበት የነበረው ቤተ መቅደስ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ፈረሰ፤ ሕዝቡም በየአገሩ ተበተነ። መሠዊያውን ያጣ ሕዝብ በዓላቱን እስከ ዛሬ ጠብቆ ያቆየው በምንድን ነው? የዚህን መልስ የበዓላቱን ተራ ተከትለን እንመልከት።

አስቀድሞ ስለ ዘመን አቆጣጠራቸው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የአይሁድ ወራት በጨረቃ ይቆጠራሉ፤ አንዱ ወር 29 ወይም 30 ቀን ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት ሲደመሩ 354 ቀን ያህል ስለሚሆኑ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ይጐድላሉ። በዓላቱ ከወቅታቸው እንዳይወጡ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ 13ኛ ወር ይጨመራል። ይህ የ19 ዓመት ዙር በባሕረ ሐሳባችን ንኡስ ቀመር የተባለው ነው። መጥቅዕ የምንለውም ስሙን ያገኘው በሰባተኛው ወር መባቻ መለከት ከሚነፋበት ከአይሁድ በዓል ነው። ዕለታቸውም ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ ይቆጠራል፤ ስለዚህ በዓሉ ሁሉ በዋዜማው ማታ ይጀምራል።

ፋሲካ

የመጀመሪያው ወር ኒሳን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል ይውላል። በዚህ ወር ከ14ኛው ቀን ማታ ጀምሮ ከግብፅ የወጡበት ፋሲካ ይከበራል (ዘጸ. 12)። በዓሉ ከመድረሱ በፊት ቤቱ ሁሉ ይጸዳል፤ በዋዜማው ሌሊት አባወራው ሻማ ይዞ በየጥጉ እርሾ ያለበትን ነገር ይፈልጋል፤ የተገኘውም በማግሥቱ ጧት ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ በእስራኤል ምድር 7 ቀን፣ ከዚያ ውጭ ባሉ አገሮች በአብዛኛው 8 ቀን እርሾ ያለበት እንጀራ አይበላም።

በቤተ መቅደስ ዘመን በዚያው በግ ይታረድ ነበር። ዛሬ ግን በማዕዱ ላይ የተጠበሰ አጥንት ብቻ ለመታሰቢያ ይቀመጣል። ከእርሱም ጋር ስለ ባርነቱ ምሬት መራራ ቅጠል፣ ስለ ዕንባቸው የጨው ውኃ፣ ስለ ጡብ ሥራው ጭቃ ደግሞ ከፍራፍሬና ከወይን ጠጅ የተለወሰ ምግብ ይቀርባል። አራት ጽዋ ወይንም በየተራ ይጠጣል። በማዕዱ ካሉት ሁሉ ታናሹ ልጅ ይህ ሌሊት ከሌሎቹ ሌሊቶች የሚለይበትን ምክንያት ይጠይቃል፤ አባትየውም የመውጣቱን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ ይተርካል። ይህም በኦሪት የታዘዘ ነው፤ ልጆች ስለ ሥርዓቱ ትርጉም ሲጠይቁ አባቶች እንዲመልሱላቸው ተጽፏልና (ዘጸ. 12፥26-27)። እንግዲህ መሥዋዕቱ ሲቀር ጥያቄውና መልሱ አልቀረም፤ ቤተ መቅደሱ ሲፈርስ የቤቱ ማዕድ ቆመ።

በዓለ ሰዊትና የሐዘን ጾም

ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ 49 ቀን ይቆጠርና በ50ኛው ቀን የሰባቱ ሱባዔ በዓል ይውላል። በኦሪት የመከር በዓል ነው (ዘሌ. 23፥15-21)። ኋላም በደብረ ሲና ሕግ የተሰጠበት መታሰቢያ ሆነ፤ ስለዚህ ብዙዎች ሌሊቱን ኦሪትን ሲማሩ ያድራሉ፤ መጽሐፈ ሩትም ይነበባል።

በሐምሌ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ የሚውለው የአብ ወር 9ኛው ቀን የሐዘን ጾም ነው። ናቡከደነፆርም ጥጦስም ያፈረሱአቸው ሁለቱ ቤተ መቅደሶች በዚህ ቀን ይታሰባሉ። ሕዝቡ ከምድር ላይ ወይም ከዝቅተኛ ወንበር ተቀምጦ ሰቆቃወ ኤርምያስን ያዳምጣል።

መለከት፣ አስተስርዮና ዳስ

ሰባተኛው ወር ቲሽሪ በመስከረምና በጥቅምት መካከል ነው። በመባቻው ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ይህም የዓመታቸው መለወጫ ነው። የበግ ቀንድ መሆኑም በይስሐቅ ፈንታ የተሠዋውን በግ ያሳስባል። መጪው ዓመት ጣፋጭ እንዲሆን ሲመኙ ፖም በማር እያጠቀሱ ይበላሉ። ከዚህ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ያሉት ዕለታት የንስሐ ዕለታት ናቸው።

10ኛው ቀን ዕለተ አስተስርዮ ነው፤ ከዓመቱ ዕለታት ሁሉ የከበረች ናት። ቀድሞ ሊቀ ካህናቱ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባው በዚህች ቀን ብቻ ነበር (ዘሌ. 16)፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በላከው መልእክት በ9ኛው ምዕራፍ የጌታን ቤዛነት የሚያስተምረው ይህንኑ ምሳሌ አድርጎ ነው። ዛሬ ሊቀ ካህናትም ፍየልም የለም። ሕዝቡ 25 ሰዓት ያህል ከእህልና ከውኃ ተከልክሎ፣ የቆዳ ጫማ ሳይጫማ፣ ብዙውም ነጭ ለብሶ በምኵራብ በጸሎት ይውላል። ከቀትር በኋላ መጽሐፈ ዮናስ ይነበባል፤ እኛም በጾመ ነነዌ ይህንኑ ነቢይ እናስባለን። ኮከብ ሲወጣ አንድ ጊዜ መለከት ይነፋና ጾሙ ይፈጸማል።

በዚህ ቀን ነገር አንድ ታላቅ ትምህርት አለ። ሊቃውንቶቻቸው ሚሽና በተባለው መጽሐፍ እንዳስተማሩት፣ ይህች ቀን ሰው በአምላኩ ላይ የሠራውን ኃጢአት ታስተሰርያለች፤ በባልንጀራው ላይ የሠራውን ግን ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ አታስተሰርይም። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ተበዳይን ፈልጎ ይቅርታ መለመን ይገባል። ጌታችንም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሎ አዝዞናል (ማቴ. 5፥23-24)። ከጐረቤቱ ጋር ሳይነጋገር ሁዳዴን ጾሞ የሚፈጽም ክርስቲያን ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

በ15ኛው ቀን የዳስ በዓል ይጀምርና 7 ቀን ይቆያል። አባቶቻቸው በምድረ በዳ በዳስ መኖራቸውን ለማሰብ በየደጁና በየሰገነቱ ከዋክብት የሚታዩበት ቅጠል የለበሰ ዳስ ይሠራል፤ ምግብም በዚያ ይበላል። ትርንጎ፣ ዘንባባ፣ አደስና አኻያ ይዘው ያመሰግናሉ (ዘሌ. 23፥40)። በፍጻሜው የዓመቱ የኦሪት ንባብ ያልቃል፤ በዚያው ዕለትም ከኦሪት ዘልደት እንደገና ይጀመራል።

በኋላ የተሠሩ በዓላት

ከኦሪት በኋላ የተሠሩም አሉ። በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ 8 ቀን የሚከበረው የቤተ መቅደስ መታደስ በዓል አንጥያኮስ ያረከሰው ቤተ መቅደስ በ164 ዓመተ ዓለም ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ መንጻቱ ነው። በየማታው አንድ መብራት እየተጨመረ በ8ኛው ሌሊት ስምንቱም ይበራሉ። ጌታችን በዚህ በዓል በክረምት በቤተ መቅደስ ይመላለስ ነበር (ዮሐ. 10፥22-23)። በየካቲት ወይም በመጋቢት የሚውለው ፉሪም ደግሞ አስቴር ሕዝቧን ያዳነችበት መታሰቢያ ነው። መጽሐፈ አስቴር ሲነበብ የሐማ ስም በተጠራ ቁጥር ልጆች ይጮኻሉ፤ ለወዳጅ የምግብ ስጦታ፣ ለድኻም ምጽዋት መስጠት ግዴታ ነው።

በአገራችን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ኦሪትን በግእዝ እያነበቡ በዓላቱን ለብዙ ዘመናት ጠብቀዋል። የቤተ መቅደስ መታደስን በዓል አያውቁትም ነበር። ሌላው ዓለም የማያውቀው ስግድ የተባለ በዓል ግን አላቸው፤ ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል። በጐንደር አገር በአምቦበርና በሌላም ስፍራ ቄሶቻቸው ኦሪትን ይዘው ሕዝቡም ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣ፣ ሕጉ ይነበብ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስም ይጸለይ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የሚኖሩት በእስራኤል ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ስግድ በዚያ አገር በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ቤተ ክርስቲያን እነዚህን በዓላት እንደ ሕግ አድርጋ አትጠብቅም፤ ጥላው በአካሉ ተተክቷልና (ቆላ. 2፥16-17)፤ ፋሲካችንም ክርስቶስ ነው (1ቆሮ. 5፥7)። ነገር ግን ሐዋርያው ቅርንጫፍ በሥሩ ላይ እንዳይመካ ከልክሏል (ሮሜ 11፥18)። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ክርስቲያን ነን የሚሉ ሰዎች በሐሰት ክስ የአይሁድን ደም ያፈሰሱበት ጊዜ ነበር፤ ይህ የወንጌል ትምህርት አይደለም። የሌላውን በዓል የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ሐሰት ለማመን አይቸኵልም።

በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ መልስም ይህ ነው። በዓሉን ያቆየው የሕንፃው ድንጋይ አይደለም፤ በየቤቱ ልጅ እንዲጠይቅ፣ አባትም እንዲመልስ የታዘዘው ሥርዓት ነው። እኛ መቅደስና መሥዋዕት፣ ማኅሌትና ቅዳሴ ሳይጐድለን፣ ልጆቻችን ደመራን በችቦው፣ ጥምቀትን በልብሱ፣ ትንሣኤን በዶሮው ብቻ የሚያውቁት ከሆነ ጉድለቱ የልጆቹ አይደለም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በበዓሉ ማዕድ ላይ ከመብላት በፊት የበዓሉን ነገር ለልጆቻችሁ ንገሩ። ልጁ ባይጠይቅ እንዲጠይቅ አድርጉት፤ ሲጠይቅም የምትመልሱትን አስቀድማችሁ ከካህኑ ተማሩ።

የበዓላት ጌታ እግዚአብሔር በዓሉን ከነትርጓሜው ለልጅ ልጅ እናወርስ ዘንድ ማስተዋሉን ያድለን፤ አሜን።