ሽጉጥ ለመግዛት ለምታስብ ለአገሬ ልጅ

ዕቁብ በወጣ ቁጥር ስልኬ ይጠራል። ደዋዩ አንድ ጊዜ ከአሌክሳንድሪያ፣ አንድ ጊዜ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላ ጊዜም ከዴንቨር ይደውል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ እርስዎ መሣሪያ ያውቃሉ አሉኝ፤ በአምስት መቶ ዶላር የሚገዛ ደኅና ሽጉጥ የቱ ነው? ዘጠኙ ይሻለኛል ወይስ አርባ አምስቱ?» በላስታ ደጋ፣ በሙጃ፣ ከበግና ከገብስ ሌላ ሀብት በሌለበት፣ ነገር ግን ምንሽሩ ከምሰሶው ተሰቅሎ በሚያድርበት ቤት የተወለድሁ በመሆኔ ብቻ ይህን የመሰለ ሹመት የሰጡኝ የአገሬ ልጆች ሲሆኑ፣ እኔም ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቃል በየስልኩ ስመላልስ ኖሬ አሁን ደክሞኛል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌ ላኑረውና የሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ያንብብ። የምጽፈው በአሜሪካ፣ ይልቁንም በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ለሚኖር ነው፤ በካናዳና በአውሮፓ ላለው ወንድሜ ሕጉ ሌላ ስለ ሆነ ይህ ጽሑፍ አይመራውም።

ፈረንጆች ካሊበር ስለሚሉት ስለ ጥይቱ ልክ፣ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩበትን ያህል የሚያከራክር ነገር አላገኘሁበትም፤ ገንዘቡ የተወሰነ ሰው 9 ሚሊሜትር ይግዛ። አርባ አምስቱ፣ ጆን ብራውኒንግ ያበጀውና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ከነሽጉጡ የተቀበለው፣ ዝናው የሚገባው ጥይት ነው፤ ነገር ግን 50 ፍሬ የያዘ አንድ ፓኮ የ9 ሚሊሜትር ጥይት በ15 ዶላር አካባቢ ሲገኝ፣ የአርባ አምስቱ ዋጋ ወደ እጥፉ ይጠጋል፤ ሲተኮስም ይራገጣል፤ ካዝናውም የሚጎርሰው ፍሬ ያነሰ ነው። ከሁለቱ መካከል የቆመው ነጥብ 40 የሚባለው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 በማያሚ ከተማ በተደረገ የተኩስ ልውውጥ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ.፣ ሁለት ባልደረቦቹ ሞተውበት አምስት ስለ ቆሰሉበት፣ ጥፋቱን በ9 ሚሊሜትሩ ጥይት ላይ ጥሎ መጀመሪያ ወደ 10 ሚሊሜትር፣ ከዚያም ወደ ነጥብ 40 ተሻገረ፤ የአገሩም ፖሊስ በብዛት ተከተለው። ሃያ ዓመት ከሚበልጥ ፈተና በኋላ ግን፣ የጥይት አሠራር ስለ ተሻሻለ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጥቂት መሆኑን፣ ሰዎቹም በ9 ሚሊሜትሩ ፈጥነውና አስተካክለው መተኮሳቸውን አይቶ ወደ ተወው ጥይት ተመለሰ። ዛሬ ፖሊሶች የጣሏቸው የነጥብ 40 ሽጉጦች በርካሽ ይሸጣሉ፤ «ግሎክ በሦስት መቶ ዶላር!» እያለ የሚደውልልኝ ወንድሜ ሽጉጡ መልካም መሆኑን አይሳሳትም፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን የሚገዛው ጥይት መወደዱን ግን አያስበውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አገር ቤት መሣሪያ ለለመደ ሰው ይገባዋል። በደርግ ዘመን ያደገው ጎልማሳ «ዘጠኝ» ሲባል የሚታየው የሩስያው ማካሮቭ ነው። የማካሮቩ ጥይት ልክ 9 በ18 የሚባለው ሲሆን፣ እዚህ የሚሸጠው ግን 9 በ19 የተባለው፣ ኦስትሪያዊው ጌዎርግ ሉገር በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ያወጣው ነው፤ ስማቸው ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ አይተካም። ጥይት ስትገዛ በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አንብበህ ግዛ እንጂ በልማድ አትግዛ።

ሽጉጡ ደግሞ ሙሉ አካል ያለው፣ እጀታው መዳፍህን የሚሞላ ይሁን። በኪስ የምትገባው ትንሽ ሽጉጥ ለዐይን ታምራለች፤ ነገር ግን በእጅ ውስጥ ትዘላለች፣ ማነጣጠሪያዋም አጭር ስለ ሆነ ለጀማሪ ስሕተት አትምርም። የኦስትሪያ ጦር በ1982 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ግሎክ 17 ባዶውን 630 ግራም ያህል ሲመዝን 17 ጥይት ይጎርሳል፤ በሜሪላንድ ግን ከ10 በላይ የሚጎርስ ካዝና መሸጥ ክልክል ነው። ከቱርክ የሚመጣው ካኒክና የብራዚሉ ታውረስ በዋጋ ይቀንሳሉ፤ ለቤት ጥበቃም ይበቃሉ። አምስት መቶ ዶላር ካለህ አምስቱንም መቶ ለሽጉጡ አትስጥ፤ ሦስት መቶው ለብረቱ፣ የቀረው ለሚቈለፍ ሣጥን፣ ለትምህርትና ለመለማመጃ ጥይት ይሁን። ሣጥኑን ያስቀደምሁት ልጆች ስላሉህ ነው። ኀዘን የጸናበት፣ ከሰው የተለየ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው በቤትህ ካለ ደግሞ፣ ያ ሰው አንተው ራስህ ብትሆን እንኳ፣ ሽጉጡ ይቅርብህ፤ ስለዚህ ጉዳይ አልከራከርም።

ለመለማመድ ገንዘብ ማውጣት ለብዙዎቻችን ውርደት ይመስለናል፤ ተኳሽነት በደም የሚወረስ እየመሰለን፣ «የላስታ ልጅ ኢላማ ይማራል እንዴ?» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። እኔም የላስታውን ታሪክ አነሣበታለሁ። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ከትግሬው ደጃዝማች ካሣ ጋር ሲገጥሙ፣ የሠራዊታቸው ብዛት ከካሣ ጦር እጅግ የሚበልጥ ነበር፤ ጀግንነትም አልጐደለውም። የካሣ ወታደር ግን ጥቂት ቢሆንም፣ እንግሊዛዊው የጦር አዛዥ ናፒየር ትቶለት የሄደውን መሣሪያ በአሠልጣኙ በኪርካም እጅ ሲማር ከርሞ ስለ ነበር ድሉ የእርሱ ሆነ፤ ንጉሡም ተማረኩ። የእኛ ሰው ያን ቀን የተሸነፈው በልምምድ ማነስ ነው፤ አንተም 200 ጥይት በተኩስ መለማመጃ ሳታጠፋ ሽጉጡን ከራስጌህ አታኑር። የአፓርታማህ ግድግዳ እንደ ላስታ ቤት ድንጋይና ጭቃ አይደለም፤ ጂፕሰም ነው፤ የሳትኸው ጥይት ጎረቤትህ ከሚተኛበት አልጋ ይደርሳል።

የሕጉን ሥርዓት በአጭሩ ልለፈው፤ ሻጩ ራሱ ደረጃ በደረጃ ይነግርሃልና። ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ አድራሻህን የሚያሳይ መታወቂያ መያዝ፣ ቅጽ 4473 የሚባለውን መሙላትና የኋላ ታሪክህ መመርመሩን መጠበቅ ነው። በሜሪላንድ ከዚህ በፊት አሻራ ሰጥተህ፣ አራት ሰዓት ተምረህ የሽጉጥ መግዣ ብቃት ፈቃድ ታወጣለህ፤ በዋሽንግተን ሽጉጡን በፖሊስ ታስመዘግባለህ። የቨርጂኒያ መያዣ ፈቃድ በሜሪላንድም በዋሽንግተንም አይሠራም፤ ከአርሊንግተን ተነሥቶ የፖቶማክን ድልድይ መሻገር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ግን ሕጋዊው ሰው ወንጀለኛ ይሆናል። ኡበርና ሊፍት የምትነዳ ከሆነ ኩባንያዎቹ ራሳቸው መሣሪያ ከልክለዋል። ጫት የምትቅም ከሆነ ደግሞ ቅጹ ስለ አደንዛዥና አነቃቂ ዕፅ ሲጠይቅህ ጫትንም መጠየቁ ነው፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በዚህ አገር ሕግ ከተከለከሉት በመጀመሪያው ረድፍ ይቈጠራል። «የአገሬ ቅጠል ነው» ማለት አያድንህም። ዜጋ ሳትሆን ደግሞ በጥድፊያ የአሜሪካ ዜግነት ሣጥን ላይ ምልክት እንዳታደርግ፤ ይህ ብቻውን ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ሐሰት ነው።

አሁን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልድረስ። የመኖሪያ ፈቃዴን በተቀበልሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በተማሪ ቪዛ የመጣ የአክስቴ ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ተዘረፈ፤ ደንግጦ መጣና፣ «ጋሼ፣ ለእኔ አይሸጡልኝም፤ በስምህ ግዛልኝ» ብሎ 480 ዶላር በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ የአደን ፈቃድን ከመሰለ ጥቂት ልዩነት በቀር፣ ሽጉጥ መግዛትም መያዝም እንደማይፈቀድለት አላወቅሁም፤ ዐውቄስ ቢሆን እንቢ እለው ነበርን? አብረን ከአንድ መደብር ገባን። ቅጹ ቀረበልኝ፤ ከጥያቄዎቹ መካከል፣ የዚህ መሣሪያ እውነተኛ ገዢ አንተ ነህን የሚል አለ፤ አዎን ብዬ ፈረምሁ። የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ሆኖ፣ ያኛውን ሳይሆን ይህኛውን እያለ በጣቱ ያሳያል፤ ሻጩ ገንዘቡ ከፖስታው ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ተመለከተ፤ ቅጹን ሰበሰበና «ዛሬ አልሸጥላችሁም» አለን። እኛም በቆዳችን የናቀን መስሎን ተናደን ወጣን።

ጠበቃ ዘንድ የሄድሁት ከወራት በኋላ በሌላ ጉዳይ ነበር። ታሪኩን እንደ ቀልድ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ወንጀሉ ሽያጩ ሳይሆን ፊርማው መሆኑን፣ በዚያ ቅጽ ላይ ሐሰት መናገር ግዢው ባይፈጸም እንኳ እስከ 10 ዓመት እሥራት የሚያስቀጣ መሆኑን የተማርሁት ያን ቀን ነው። መያዝ ለማይፈቀድለት ሰው መሣሪያ መግዛት በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ደርሷል። ዜጋ ላልሆነው ሰው እሥራቱ የመከራው መጀመሪያ ነው፤ የመሣሪያ ሕግ ጥሶ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ምንም ዕድሜ ቢኖረው፣ ከአገር ይባረር ዘንድ ሕጉ ያዛልና። የዜግነት ማመልከቻውም ሳትያዝበት የቀረኸው ወንጀል እንዳለ ይጠይቅሃል። እኔ ስለዚያች ፊርማ ሦስት ሺህ ዶላር ለጠበቃ ከፍዬ፣ ከባለ ሥልጣኑ ፊት እንደ ንስሐ ተናዝዤ፣ ዜግነቴን ከጓደኞቼ ዘግይቼ ተቀበልሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኢሚግሬሽን ፖስታ በመጣ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዘመዴ ግን ሕጋዊ ነው፤ ዜጋ ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ራሱ ይገዛ ነበር» የምትለኝ አለህ። አብራምስኪ የተባለ የቨርጂኒያ የቀድሞ ፖሊስ ነገሩን ልክ እንዳንተ አስቦት ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በፖሊስነቱ የሚያገኘውን የዋጋ ቅናሽ ተጠቅሞ፣ በፔንሲልቬንያ ለሚኖር አጎቱ ግሎክ 19 ገዛለት፤ አጎቱ አስቀድሞ የ400 ዶላር ቼክ ልኮለት ነበር። አጎትየው መሣሪያ መያዝ የሚፈቀድለት ሰው ነው፤ ሽጉጡም የተላለፈለት በሕጋዊ ነጋዴ በኩል ነው። ያም ሆኖ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፈረደበት፤ ቅጹ ላይ እውነተኛው ገዢ እኔ ነኝ ብሎ መፈረሙ ብቻውን በቃ። እርሱ ዜጋ ስለ ነበር በአመክሮ ከቤቱ ቀረ። አንተ ወዴት ትቀራለህ?

በገዛ ገንዘብህ፣ ምንም ሳትቀበል፣ መያዝ ለሚፈቀድለት ሰው ስጦታ መግዛት አልተከለከለም። ነገር ግን «ግዛልኝና እከፍልሃለሁ»፣ «ዕቁቡ ሲደርሰኝ እመልስልሃለሁ» የሚል ቃል ከተነገረ ስጦታነቱ ያን ጊዜውኑ ቀረ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንቢ ማለት ቀላል ነው አልልህም። በእኛ ዘንድ መሣሪያ ብረት ብቻ አይደለም፤ ሠርጉ የሚደምቅበት፣ ለቅሶው የሚከበርበት፣ አባት ለልጁ ሲያወርስ ሰውነቱን አብሮ የሚያወርስበት ነው። ዘመድ ተዘርፎ ሲያለቅስ ሽጉጥ ልከለክለው እችላለሁ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? የአክስቴ ልጅ ከጠበቃዋ ከተመለስሁ በኋላ ሌላ ሰው ፈልግልኝ ቢለኝ እኔ አሻፈረኝ ስላልሁ፣ ወሬው ሙጃ ደርሶ አክስቴ ለእናቴ፣ «ልጅሽ ወንድሙን ለሌባ ሰጠው» ብላ ላከችባት፤ እናቴም ደውላ ምክንያቱን ሳትጠይቀኝ አለቀሰች። ሁለቱ እኅትማማቾች አንድ ፋሲካ አብረው ሳይፈስኩ አለፈ። ይህ ይደርስብሃል፤ አስቀድመህ ዕወቀው፤ እንቢታህን ግን አትሻረው።

የባሰው ደግሞ «ለአባቴ ላክልኝ» የሚለው ነው። ሽጉጥ ከዚህ አገር ለማውጣት የንግድ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወደ ኢትዮጵያም ያለ ፈቃድ ማስገባት በ2012 ዓ.ም. በወጣው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የተከለከለ ነው። በሻንጣ መሐል ፈታትቶ መደበቅ፣ በዕቃ ማጓጓዣ በርሜል ውስጥ ከልብስ ጋር መጠቅለል የሚሉ ምክሮች ሰምቼአለሁ፤ መካሪዎቹ አንዳቸውም ቦሌ ላይ ከአንተ ጋር አይቆሙም። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ የጀመረው ጦርነት ባልበረደበት በአማራ ምድር፣ ለሽማግሌ አባትህ የላክኸው ሽጉጥ ከአባትህ እጅ ይቀራል ብለህ የምታስብ ከሆነ አገሩን ረስተኸዋል። ለአባትህ ጋቢ ላክለት፤ መድኃኒት ላክለት።

የአክስቴ ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ትዳር ይዞ መኖሪያ ፈቃዱን አገኘና፣ ለረጅም ጊዜ ካኰረፈኝ በኋላ አንድ ቅዳሜ ደወለልኝ፤ የጠየቀኝም ዘጠኙ ይሻለኛል ወይስ አርባ አምስቱ ብሎ ነው። ዘጠኙን አልሁት። መደብሩ ድረስ በመኪናዬ አደረስሁት፤ በስሙ ሞልቶ፣ በገንዘቡ ገዝቶ፣ ቈልፎ ይዞት እስኪወጣ ድረስ እኔ ከመኪናው አልወረድሁም።