የባዮጋዝ ማብላያ በደጋ አገር፦ ለማን ይሠራል፣ እንዴትስ ይያዛል?

በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች የማገዶ እንጨት ተመናምኗል። የደንቆሮ ጫካም ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ አካል ስለሆነ ሊጠበቅ እንጂ ሊቆረጥ አይገባም። ስለዚህ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል። ኩበቱ ሲነድ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ስለሚሄድ፣ የገብሱንና የስንዴውን ምግብ ምድጃው ይበላዋል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ለመብራት ቢደርስ እንኳ የምድጃው ጥያቄ በዚያ ብቻ አይፈታም።

እበት አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚነድ ጋዝ ይሰጣል፤ የሚተርፈው ዝቃጭ ደግሞ ለማሳ ፍግ ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ያስፋፋው «ስንዱ» የተባለውን፣ ከመሬት በታች የሚገነባውን ባለ ጉልላት ማብላያ ነው።

ዳሩ ግን መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጋዙን የሚያመርቱት ረቂቅ ሕዋሳት በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በብርቱ ይሠራሉ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ግን ሥራቸው ክፉኛ ይቀንሳል። በሞቃት አገር በ50 ቀን ገደማ የሚብላላው እበት በደጋ እስከ 90 ቀን ሊፈልግ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ገበሬ ጋዙ በኅዳር ሲደክምበት ማብላያው የተበላሸ መስሎት ይተወዋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቀን ተሰማርቶ የሚውል የአገር ከብት ሌሊት በበረት 5 ወይም 6 ኪሎ ያህል እበት ይጥላል። የአራት ከብት እበት እስከ 24 ኪሎ ይደርሳል፤ በእኩል ውኃ ሲበጠበጥ በቀን 48 ሊትር ነው። ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ለጋዙ ከሚተወው ቦታ ሌላ 4 ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ብጥብጥ ቢይዝ፣ እበቱ 90 ቀን ገደማ ይቆይበታል። ብዙ ባገባን ቁጥር ብዙ ጋዝ ይገኛል የሚለው አስተሳሰብ በደጋ አይሠራም፤ እበቱ ሳይብላላ ይወጣል።

ከአራት በታች ከብት ላለው፣ ወይም ውኃ ለመቅዳት ከግማሽ ሰዓት በላይ ለሚሄድ ቤተ ሰብ ማብላያ አንመክርም፤ ለእርሱ ማገዶ የሚቆጥበው ምርጥ ምጣድ ይበልጥበታል። ማብላያ ያለውም ቢሆን በጋዙ ወጥና ቡና እንጂ እንጀራ ለመጋገር አይመቸውምና ምርጥ ምጣድ ያስፈልገዋል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሲሚንቶ ግዢ ይልቅ ሊያስቡበት የሚገባው የመጀመሪያው ሙሌት ነው። ወደ 2 ቶን የሚጠጋ እበት ስለሚፈልግ ባለ አራት ከብቱ ብቻውን ቢያጠራቅም ሦስት ወር ይፈጅበታል። ጎረቤቶች በደቦ እበት ቢያዋጡ ግን በጥቂት ቀን ይሞላል፤ ተራው ሲደርስ እርሱም ያዋጣል። ግንባታው በበጋ አልቆ ሙሌቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ቢሆን መልካም ነው።

ቦታው የዛፍም ሆነ የቤት ጥላ የማያርፍበት ይሁን። ጉልላቱ በአፈር በደንብ ይሸፈን፤ በብርድ ወራት ገለባ ይደረብበት። ውኃው በፀሐይ ሞቆ ከረፋዱ በኋላ ይበጥበጥ እንጂ በማለዳ ውርጭ አይግባ። ጋዝ ያፈስ እንደሆነ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ዝቃጩ በፀሐይ ከተሰጣ ናይትሮጅኑ ይተናል። ጥላ ባለው ጉድጓድ ከገለባ ጋር ተደባልቆ ይከማችና በእርሻ ወቅት ማሳ ላይ እንደ ተበተነ በዚያው ቀን በማረሻ ይገልበጥ።