«ቤት ውሰዷቸው» ሲባል ሕክምናው አበቃ ማለት አይደለም

የዛሬው ርዕስ ትንሽ ከበድ ይላል። ግን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ነገር ስለሆነ ልሸሸው አልፈለግኩም።

ኢንተርን እያለሁ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር የተሰራጨባቸው አንዲት እናት ዋርድ ተኝተው ነበር። ለልጃቸው የነገርኳት እኔ ነኝ፦ «ከዚህ በኋላ የምናደርግላቸው ነገር የለም፤ ቤት ውሰዷቸው።» ፓራሲታሞል ጽፌ ሸኘኋቸው። በአራተኛው ቀን ልጅቷ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። «ዶክተር፣ እንደማትድን አምነን ተቀብለናል። ጩኸቷን ግን አልቻልነውም» አለችኝ።

ያኔ ነው ጥፋቴ የገባኝ። ካንሰሩን ማዳን አንችልም ነበር። ሕመሙን ማስታገስ ግን እንችል ነበር።

ይህ ሕክምና ስም አለው፦ ፓሊየቲቭ ኬር ወይም የማስታገሻ ሕክምና ይባላል። ሕመምን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ማቅለሽለሽን፣ ጭንቀትን ያስታግሳል፤ አስታማሚውንም ይደግፋል። ለካንሰር ብቻ አይደለም፤ ለልብ ድካም፣ ለኩላሊት መድከም፣ ለከባድ ስትሮክም ይሰጣል። የግድ የመጨረሻው ሳምንት ላይ መጀመር የለበትም፤ ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን መሄድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

በአገራችንስ? አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይንከባከባል። ጤና ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ አውጥቷል። አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ ወይም ባቱ ላለን ሰዎች ግን ፍለጋው የሚጀምረው ታማሚው ካርድ ካወጣበት ሆስፒታል ነው። ስለዚህ «ቤት ውሰዷቸው» ስትባሉ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

👉 ለሕመሙ የትኛው መድኃኒት፣ በስንት በስንት ሰዓት ይሰጥ?
👉 ሌሊት ሕመሙ ቢብስ ምን እንጨምር? ለማን እንደውል?
👉 የሚጠጣ ሞርፊን ያስፈልጋቸዋል? ከየት እናገኛለን? (በልዩ ማዘዣ ወረቀት ብቻ ስለሚሰጥ ማዘዣውን ሳትይዙ አትውጡ።)
👉 የሕክምናቸው ማጠቃለያ በጽሑፍ ይሰጠን። ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ክትትሉን የሚቀጥለው በሱ ነው።

ስለ ሞርፊን ደጋግሜ የምሰማው «እሱ ከተጀመረ በቃ፣ አለቀ» የሚለውን ነው። ልክ አይደለም። በትንሽ መጠን ተጀምሮ እንደ ሕመሙ እየተስተካከለ ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም፤ ሰውየው እንዲተኛ፣ እንዲያወራ፣ ቤተሰቡን እንዲያይ ያደርጋል። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ሕመሙ እስኪነሳ አትጠብቁ፤ በሰዓቱ ስጡ። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊል ይችላል። ቀስቅሳችሁት መንቃት ካቃተው ወይም ትንፋሹ በጣም ከዘገየ ግን ቀጣዩን አትስጡ፤ ወዲያው ባለሙያ ጥሩ። በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡት፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታም ቆልፉበት።

ቤት ውስጥ የምታደርጉት ነገርም ብዙ ነው፦

✔️ በየ2 ሰዓቱ ገልበጥ አድርጓቸው። በአዳማ ሙቀት ላብ ቆዳን ስለሚያረጥብ የመኝታ ቁስል ቶሎ ይወጣል፤ አንሶላው ደረቅ ይሁን።
✔️ አፋቸውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጉ፤ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀቡ።
✔️ «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!» እያላችሁ አታስገድዱ። በመጨረሻው ሰዓት ሰውነት ምግብ አይፈልግም፤ ትን ሊላቸውም ይችላል። የፈለጉትን፣ በፈለጉት መጠን።
✔️ አስታማሚዋ እንዳትወድቅ ተራ ግቡ። የእድር ድንኳን የሚተከለው ከሞት በኋላ ነው። ጎረቤትና እድርተኛ ግን አሁን፣ ሰውየው በሕይወት እያለ፣ አንድ ሌሊት ተክቶ ማደር ይችላል። ለመጠየቅ አትፈሩ።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ያን ቀን ሲኒየሬን አማክሬ ሞርፊን ታዘዘላቸው፤ አሰጣጡን ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። እናትየዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፉ። ልጅቷ መጥታ እንዲህ አለችኝ፦ «ተኛች፣ ዶክተር። ደግሞ አወራን። የቡና ስኒዎቿን ለማን እንደምሰጥ ሁሉ ነገረችኝ።»

ከዚያ ወዲህ «የምናደርግላቸው ነገር የለም» ብዬ አላውቅም። እናንተም ይህን ቃል ስትሰሙ «እሺ፣ ለሕመማቸውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለትምህርት ነው፤ የመድኃኒት መጠን የሚወስነው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው። ቤቱ ታማሚ ላለበት ሰው ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። ጤና ይስጥልን!