እጅን መልቀቅ ኃላፊነትን መልቀቅ አይደለም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ፍጥነታቸውንም መስመራቸውንም ራሳቸው ይጠብቃሉ። «አውሮፕላኑስ በአውቶፓይለት አይደል የሚበረው? መኪናውን ባምነው ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። እስኪ ሁለት ክስተቶችን አብረን እንይ።

እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 የኤር ፍራንስ በረራ 447 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ሲጓዝ የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹ በበረዶ ተደፈኑ። አውቶፓይለቱ ሥራውን ለአብራሪዎቹ መለሰ። አውሮፕላኑ ውቅያኖስ ላይ እስኪወድቅ 4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ነበራቸው። ግን ግራ ተጋቡ፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ሳቡት፤ ክንፎቹም አውሮፕላኑን መሸከም አቃታቸው። 228 ሰዎች ሞቱ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው፣ በ«አውቶፓይለት» ይሄድ የነበረ የቴስላ መኪና አውራ ጎዳናው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ከመከላከያው ጋር ተጋጭቶ ሾፌሩ ሞተ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እንደመረመረው፣ በመጨረሻዎቹ 6 ሴኮንዶች መኪናው የሾፌሩን እጅ መሪው ላይ አላገኘም። ሐሳቡን የወሰደው የስልክ ጨዋታ ሳይሆን እንዳልቀረም ቦርዱ ገልጿል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። አብራሪው ለዚያው አውሮፕላን ሠልጥኗል፤ በየጊዜው በሲሙሌተር ይፈተናል፤ አጠገቡ ሌላ አብራሪ አለ፤ ከበታቹም ሰፊ ሰማይ አለ። ሾፌሩ ግን ብቻውን ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በአንዲት ሴኮንድ 28 ሜትር ገደማ ያልፋል። የመኪናው ካሜራ የአስፋልቱን ቀለም ተከትሎ ይመራል፤ ቀለሙ በደበዘዘበት ሊስት ይችላል። ልጅ ሮጦ መንገድ ሲገባ የሚጠብቀን 4 ደቂቃ የለም።

አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ መሣሪያው ደህና በሠራ ቁጥር የሰው ንቃት ይደክማል። መቶ ቀን ያልሳተን ነገር በመቶ አንደኛው ቀን ማን በትኩረት ይከታተለዋል? የሠለጠኑት በ4 ደቂቃ ከተደናገሩ፣ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ሰው በ6 ሴኮንድ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ መሣሪያውን እንጠቀምበት፤ ድካም ያቀላል። ዓይናችን ግን ከመንገዱ፣ እጃችንም ከመሪው አይራቅ። ስልኩ ይቀመጥ። መኪናው ምን እንደማያይ መመሪያውን እናንብብ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆችም፣ መንገድ የሚሻገረው እግረኛም አማና የተሰጡት ለእኛ ነው፤ ለካሜራው አይደለም።

በሰላም ገብታችሁ በሰላም ውጡ። መልካም ጁምዓ።